ትውውቅ የሌለው ሦስተኛ አባል

የሕክምና ስህተት መርማሪ ጉባኤ ሦስት ወንበር አለው። ሁለቱ ሰው አግኝተዋል። ሦስተኛው ግን ሰማንያ ሁለት ቀን ሙሉ ባዶውን ተገትሮ በጉባኤው ጸሐፊ ላይ ሲያፈጥባት ከረመ።

ጸሐፊዋ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ድምፅዋ ከጉሮሮዋ ወጥቶ ጠረጴዛውን ሳይሻገር ስለሚቀር የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ሹክሹክታ» ይላታል። መጀመሪያ ከኋላዋ ነበር የሚሏት። ከዚያ ፊት ለፊት ሆነ። አሁን የውስጥ ስልክ ማውጫው ላይ ሳይቀር በእርሳስ ተጽፎላታል። ቅር ብሏት እንደሆነ የጠየቃት የለም፤ ብትመልስም አይሰማም ነበር።

ሥራዋ ወንበር መሙላት ነው። የጉባኤው ደንብ አንቀጽ ሰባት አባላቱ እነማን እንደሆኑ ይዘረዝራል፦ አንድ የሕግ ሰው፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ ደግሞ «በጤና ተቋም ውስጥ ከአሥራ አምስት ዓመት ያላነሰ ያገለገለ ሰው»። አንቀጽ ስምንት ተከትሎ ይመጣና አንቀጽ ሰባት የሰጠውን በሙሉ መልሶ ይቀማል። አቤቱታ ከቀረበበት ሐኪም ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ያለው አይሆንም። ያስተማረው፣ ከእሱ የተማረ፣ አብሮት ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባ፣ በሽርክና የሠራ፣ በብርቱ የሚወደው፣ በብርቱ የሚጠላው አይሆንም። ይህን የሚያጣራ አሥራ አራት ጥያቄ ያለበት ቅጽ አለ። ቅጹን ሞልቶ በሕይወት የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው።

አቤቱታ የቀረበባቸው ሐኪም ደግሞ ተራ ሐኪም አይደሉም። ፕሮፌሰር ናቸው፤ በሕዝቡ ዘንድ «ወርቅ እጅ» ይባላሉ። በአካባቢው የሰው ሆድ ከፍቶ የሚዘጋ ሐኪም ሁሉ ወይ እሳቸው ያስተማሩት ነው፣ ወይ እሳቸውን ያስተማረ ነው። ያስተማሯቸውም ሰው ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው ጸሐፊዋ ስትደውልላቸው «ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉባት።

የሐኪሙ ወንበር የተሞላው በቆዳ ሐኪም ነው። ውጭ አገር ተምሮ በቅርቡ የገባ ሰው በመሆኑ ወርቅ እጅን አያውቃቸውም፤ ሆድም ከፍቶ አያውቅም። እንዲያውም ደም ሲያይ ላብ ላብ ይለዋል ይባላል። ይህን አንስቶ ሲያቅማማ ሰብሳቢው ሆድም ቢሆን ከላይ ቆዳ እንዳለው ነግረው አጽናኑት። ሰብሳቢው የሕግ ሰው ናቸው። «በመርህ ደረጃ» ሳይሉ በር አይከፍቱም።

የቀረው ሦስተኛው ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ የጀርባ ታሪክ አለ። ደንቡ ሲረቀቅ አንቀጽ ሰባት «የጤና ባለሙያ» ይል ነበር። ከአርቃቂዎቹ አንዱ ራሳቸው ወርቅ እጅ ናቸው። የሚሠሩበት ሆስፒታል የቀድሞ አስተዳዳሪ የልብ ወዳጃቸው ስለነበሩ፣ የተማሩትም እንጨት ሥራ ስለነበረ፣ ወንበር እንዳያጡ ብለው «ባለሙያ»ን አስወጥተው «ሰው» አስገቡ። ሰው ማለት ሰፊ ነው፤ በብርቱ መውደዱን እስካልተናገረ ወዳጅም ይገባበታል። የማይገባበት አማች ነው። አስተዳዳሪው ደንቡ ሲወጣ ወዳጅ ነበሩ፤ አምና የፕሮፌሰሩን እህት አገቡና ዘንድሮ መዝገቡ ሲከፈት አማች ሆነው ተገኙ።

ፕሮፌሰሩ ግን በዚህ አላዘኑም። ለፍትሕ ያላቸው ጥንቃቄ ያን ሰሞን ነው የታወቀው። ጸሐፊዋ ዕጩ ባቀረበች ቁጥር በደንቡ የተሰጣቸውን የተቃውሞ መብት ተጠቅመው በሚያምር ወረቀት መልስ ይጽፋሉ። አንዱን ሰው «አብሮ አደጌ ነው፤ ቢያዳላልኝ ኅሊናዬ አይቀበለውም» ብለው መለሱት። ሠላሳ ዓመት ያገለገለችን ነርስ አብራኝ ቀዶ ሕክምና ገብታለች አሉ። አንድ የመድኃኒት ቤት ኃላፊ ደግሞ ከስድስት ዓመት በፊት በመተላለፊያ ላይ ሰላም ሳይላቸው እንዳለፈ፣ ምናልባትም ቂም እንደቋጠረ አስረዱ። እንዲህ እንዲህ እያሉ አሥራ ዘጠኝ ሰው መለሱ። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አንዱ ወዳጆቻቸው ናቸው። ጸሐፊዋ አንቀጽ አሥራ አንድን ባታውቅ ኖሮ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው አለ ወይ ብላ ልትደመም ትንሽ ነበር የቀራት።

አንቀጽ አሥራ አንድ እንዲህ ይላል፦ ጉባኤው ሦስቱም አባላት ተሟልተው በዘጠና ቀን ውስጥ ካልወሰነ መዝገቡ ይዘጋል፤ በዚያው ጉዳይ ዳግመኛ አይከፈትም። ለፕሮፌሰሩ ከሚያዳላ ወዳጅ ይልቅ ባዶ ወንበር ይሻላቸዋል። ወዳጅ ሊሳሳት ይችላል፤ ወንበር ግን አፍ የለውም።

አቤት ባይዋ ልብስ ሰፊ ናት። በየሳምንቱ ሐሙስ ትመጣና ከጉባኤው ቢሮ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ባዶ እጇን አትመጣም፤ አንድ ቀን የቀሚስ ጠርዝ ስትቀመቅም፣ አንድ ቀን ቁልፍ ስትተክል ትውላለች። ከመነሳቷ በፊት ስፒሎቿን ከትንሿ ቆርቆሮ ላይ አውጥታ ትቆጥራለች። አርባ ናቸው። አርባ ካልሞሉ አግዳሚው ሥር ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች እንጂ ንቅንቅ አትልም። ጸሐፊዋ አንድ ቀን አብራት ስትፈልግ፣ ልብስ ሰፊዋ ቀና ሳትል፣ ስፒል ቀሚስ ውስጥ ረስቶ የሚሰጥ ልብስ ሰፊ ደንበኛው ዳግመኛ ደጁን እንደማይረግጥ ነገረቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወርቅ እጅ ሆዷን ከፍተው እጢ አወጡላት። ከዚያ በኋላ ሕመሙ አልተዋትም። ስትመለስላቸው ዳሰሷትና ምንም እንደሌለባት፣ ሐሳብ እንደምታበዛ፣ ከቤት ወጥታ ነፋስ እንድትቀበል መከሯት። ቤቷም ይህንኑ ተቀበለ። የባሏ እናት «ሥራ ሲመጣ ነው የሚያማት» ማለት ጀመረች። ባልየው መጀመሪያ ዝም አለ፤ በኋላ እናቱ ያለችውን በሌላ ቃል ይለው ጀመር። ትንሿ ልጇ ሳትቀር አንድ ቀን «እማዬ፣ ዛሬም ትታመሚያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። በአሥራ አንደኛው ወር ሌላ ከተማ ሄዳ ስትታይ አንድ ወጣት ሐኪም ከሆዷ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ አወጣላት። ደም ለመምጠጥ በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚገባ፣ የእጅ መሐረብ ሁለት እጥፍ የሚያህል ጨርቅ ነው። ሐኪሙ አጥቦ በመድኃኒት ውኃ ውስጥ ነከረውና በጠርሙስ አድርጎ፣ ቀኑን ጽፎ ሰጣት።

ወርቅ እጅ ለዚህም መልስ ነበራቸው። ሴትዮዋ ከስምንት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ጨርቁ የዚያን ጊዜ ነው አሉ። በእሳቸው ክፍል ጨርቅ ሲገባም ሲወጣም ይቆጠራል። የቆጠራው ወረቀት «ሙሉ» ይላል። ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው የተናገሩት፤ ያም ሆኖ መልሱ በወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል።

ልብስ ሰፊዋ የምትፈልገው ካሣ አልነበረም። ለጸሐፊዋ የነገረቻት በስድሳኛው ቀን ገደማ ነው፤ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቀና አለችና፦

«ወረቀት ነው የምፈልገው፣ እህቴ። ማኅተም ያለው። ጨርቁ የማን እንደሆነ የሚናገር። እናታችሁ አስመሳይ አልነበረችም ብዬ ለልጆቼ የማሳየው።»

ከዚያ መዝገቡ ቢዘጋስ ምን እንደሚሰጣት ጠየቀች። ጸሐፊዋ የመዝጊያ ደብዳቤና የቃለ ጉባኤ ግልባጭ እንደሚሰጥ ነገረቻት፤ አንቀጽ አሥር ያዛል። ቃለ ጉባኤው ላይ ምን አለበት ብትላት፣ የተባለው ሁሉ አለበት አለች። ጉባኤው ካልተቀመጠ ደግሞ ምንም አልተባለምና ባዶ ነው። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ነቀነቀችና ሌላ ክር መርፌው ውስጥ ከተተች።

ጸሐፊዋ ያን ዕለት ምሳ አልበላ አላት። ከዚያም ቀን ጀምሮ ማኅደሩን ከላይ እስከ ታች ታገላብጥ ጀመር። ከሆስፒታሉ የተላከላት የጡረተኞች ዝርዝር አራት ገጽ ነበር፤ ሐኪሞቹን ጨርሳለች፣ ነርሶቹን ጨርሳለች። አራተኛውን ገጽ ማንም ገልጦት አያውቅም። ዘበኞች፣ አትክልተኞች፣ ወጥ ቤት። አንቀጽ ሰባት ግን «ሰው» ነው የሚለው። በሰማንያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ፦ የንጽሕናና አልባሳት ክፍል ኃላፊ፣ የአገልግሎት ዘመን ሃያ ሰባት ዓመት።

ቤታቸው ሄደች። በሰፈሩ «እትዬ ሳሙና» ይሏቸዋል። ጠባብ ክፍል ነው፤ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በተዘረጋ ገመድ ላይ የታጠበ ልብስ ተደርድሮ እሳቸው ያሉበት እስኪታይ ጎንበስ እያሉ ማለፍ ያስፈልጋል። እትዬ ሳሙና ካውያቸውን አስቀምጠው ወንበር ላይ ያለውን አንሶላ አነሱላት። ጸሐፊዋ የመጣችበትን ስትነግራቸው «ከፍ አድርጊው፣ ልጄ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ማሽን አጠገብ ቆሜያለሁ» አሏት። ከፍ አደረገችው። እንዲህ ከፍ ማድረግ እንደምትችል ለራሷም ገረማት።

ደንቡ የመዝገቡን ዝርዝር አስቀድሞ መናገር ይከለክላል። ስለዚህ የሐኪሙን ስም ብቻ ነግራ ቅጹን መሙላት ጀመሩ። ዝምድና የለም። አላስተማሩም፣ አልተማሩም። ቀዶ ሕክምና ክፍል አብረው አልገቡም፤ እሳቸው በር ድረስ ነው የሚደርሱት። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ቅጹ ከሐኪሙ ጋር ትውውቅ አለዎት ወይ ይላል።

«እኔ አውቃቸዋለሁ» አሉ እትዬ ሳሙና። «ኮሌታቸውን ነው የማውቀው። በግራ በኩል ይቆሽሻል፤ ስልክ ሲያወሩ ትከሻቸውን ስለሚያነሱ።»

«እሳቸውስ እርስዎን?»

«ሃያ ሰባት ዓመት ጋውናቸውን አጠብኩ። ስምሽ ማነው ብለውኝ አያውቁም።»

ጸሐፊዋ ትንሽ አሰበችና «ትውውቅ የለም» ብላ ጻፈች። ቂም አለዎት ወይ ስትል ሴትዮዋ ቂም የሚይዙት በጨርቅ ማቅለሚያ ላይ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። አሥራ አራቱም ጥያቄ አለቀ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። በሰማንያ ሦስት ቀን ውስጥ ንጹሕ ሆኖ የወጣ የመጀመሪያው ቅጽ ነው። የግል ማኅደራቸውን ግልባጭ ከሆስፒታሉ እንደምታስመጣ ነግራቸው ወጣች።

ለፕሮፌሰሩ ደብዳቤ ጻፈች፤ ተቃውሞ ካለ በአምስት ቀን ውስጥ። ደብዳቤው ጠረጴዛቸው ላይ ደረሰ፤ እሳቸው ግን ውጭ አገር ነበሩ። «የታካሚ ደኅንነት» በሚል ርዕስ ንግግር ሊያደርጉ ለሐኪሞች ስብሰባ ተጠርተው ነው የሄዱት። ጸሐፊያቸው ደብዳቤውን ከላይ አስቀመጠች፤ ከላዩ ላይ መጽሔት ተደረበበት፤ ከመጽሔቱ ላይ ደግሞ የሽልማት ሣጥን። አምስቱ ቀን አለፈ። ከዚያ በኋላ ተቃውሞ የሚሰማው አዲስ ግንኙነት ከተገለጠ ብቻ ነው፤ እሱም ምክንያቱ በቃል ተነግሮ፣ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ ተቃዋሚው ሲፈርምበት።

ዘጠናኛው ቀን ሐሙስ ዋለ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ የውኃ ጠርሙሶቹን አስተካከለች። ልብስ ሰፊዋ ያስረከበችውን፣ ጨርቁ ያለበትን ጠርሙስም ከመደርደሪያው ላይ፣ ከሙጫውና ከማኅተም ቀለሙ መሃል አወረደችው። ሦስት ወር እዚያ ሲቀመጥ ቀርቦ ያየው አልነበረም። ሁሉም የሚያየው መዝገቡ ውስጥ ያለውን ፎቶ ነው፤ ፎቶው ደግሞ በጥቁርና ነጭ ስለተባዛ ጨርቁ የዝናብ ደመና ይመስላል።

ወርቅ እጅ የገቡት ሽቶና ፈገግታ ይዘው ነው። እትዬ ሳሙና ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው አዩአቸውና ካፖርታቸውን አውልቀው «እናቴ» ብለው ሰጧቸው። እትዬ ሳሙና ከልማድ ብድግ ብለው ተቀበሉ። የኮሌታውን ግራ ጎን አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ካፖርቱን በሦስተኛው ወንበር ጀርባ ላይ በደንብ አድርገው ሰቀሉና በላዩ ተደግፈው ተቀመጡ። ያኔ ነው ፕሮፌሰሩ ሦስተኛዋ አባል ማን እንደሆኑ የገባቸው። ሰብሳቢው የተቃውሞ ጊዜ ማለፉን በመርህ ደረጃ አስታወሱ። ፕሮፌሰሩ ግድ የለም በሚል እጃቸውን አወዛወዙ። ልብስ አጣቢ ምን ትላለች ብለው ሳይሆን አልቀረም።

ልብስ ሰፊዋ ቃሏን ሰጥታ ደንቡ እንደሚያዘው ወጣች። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ተናገሩ። ግማሹ ውጭ አገር ያደረጉት ንግግር ነበር፤ «ክቡራት እና ክቡራን» የሚለውን እንኳ ሳያወጡ አሉት። ቆጠራው ሙሉ እንደነበረ፣ ጨርቁ የስምንት ዓመት ዕድሜ እንዳለው፣ እንዲህ ያለ ቸልተኝነት በሌሎች ዘንድ መኖሩ እንደሚያሳዝናቸው። የቆዳ ሐኪሙ እየነቀነቀ ይጽፋል። ጠርሙሱ ወደሱ ሲጠጋ በብዕሩ ጫፍ ትንሽ ገፋ አደረገው።

እትዬ ሳሙና ጠርሙሱን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። መነጽራቸውን አደረጉ። ወደ መስኮቱ ዞረው በብርሃኑ ላይ አነሱት፣ አዘነበሉት፤ ጨርቁ ውኃው ውስጥ ተገላበጠና አንዱ ማዕዘኑ ከመስታወቱ ጋር ተለጠፈ።

«ይህን የቀመቀምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

የቆዳ ሐኪሙ መጻፉን አቆመ። እትዬ ሳሙና ሳይቸኩሉ አስረዱ። ሆስፒታሉ እነዚህን ጨርቆች ከገበያ አይገዛም፤ ጣቃ ይገባል፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይቆርጣል፣ ይቀመቅማል። ሁልጊዜ በነጭ ክር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ግን ነጭ ክር አለቀ፤ የግዥ ክፍል ክር ለመግዛት አራት ወር ፈጀ። በዚያ መሃል በሽተኛ መቼ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ለሠራተኛ ልብስ መጠገኛ በተረፈው አረንጓዴ ክር አርባ ጨርቅ ሰፉ። ከዚያ በፊት አረንጓዴ ተሰፍቶ አያውቅም፤ ከዚያም በኋላ። ማዕዘኑ ላይ መርፌውን ሦስት ጊዜ መልሶ መስፋት የሳቸው ልማድ ነው። ከአርባው ወደ ማጠቢያ የተመለሰው ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። አንድ ጎድሏል ብለው ለበላይ ጻፉ።

«መልስ መጣልኝ» አሉ። «ንብረት አጉድለሻል የሚል ማስጠንቀቂያ።»

ጸሐፊዋ ከፊቷ ያለውን የግል ማኅደር ገለጠች። ማስጠንቀቂያው እዚያ ነበር፤ በአስተዳዳሪው፣ በአሁኑ አማች፣ የተፈረመ። ቀኑ ልብስ ሰፊዋ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ወረቀቱን በሰብሳቢው ፊት አደረገችው። ሰብሳቢው አንብበው ለቆዳ ሐኪሙ ሰጡት፤ የቆዳ ሐኪሙ አንብቦ ጠርሙሱን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ አየው። ላብ ላብ አለው።

የወርቅ እጅ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብሎ ፈገግታው ተመለሰ፤ የጠፋባቸውን ነገር ኪሳቸው ውስጥ ያገኙ ይመስሉ ነበር።

«ታዲያ እኚህ ሴትዮ እዚህ ወንበር ላይ ምን ይሠራሉ?» አሉ። «ይህ እኮ ግንኙነት ነው። አዲስ የተገለጠ ግንኙነት። እቃወማለሁ።»

እውነታቸውን ነበር። በትክክለኛ ደንብ የእትዬ ሳሙና ቦታ የምስክር ወንበር ነው። ያቺ ንጹሕ ቅጽ፣ አሥራ አራት ጥያቄ ያለፈችው፣ ስለ ክር የሚጠይቅ አንድ መስመር የላትም። እሳቸው ከተነሱ ደግሞ ጉባኤው ይጎድላል፤ ዛሬ ዘጠናኛው ቀን ነው፤ መዝገቡ ይዘጋል፣ አይከፈትም። ጸሐፊዋ አግዳሚው ላይ ያለችውን ሴት አሰበች። ከዚያ ስለ አንቀጽ አሥር አሰበች። እጇ ብዕሩን ፈለገ።

«ምክንያቱ በቃል ይነገርና ላስፍረው» አለች።

ሰብሳቢው ምን አልሽ አሏት። ደገመችው። በዚህኛው ተሰማች።

ፕሮፌሰሩ ለተማሪ ማስታወሻ እንደሚያስጽፉ ሆነው፣ ብዕሯ እንዲደርስባቸው በየመሃሉ እያረፉ ተናገሩ፦

«ጻፊ። በሕመምተኛዋ ሆድ የተገኘው ጨርቅ የእኛ ሆስፒታል ጨርቅ ነው። ቀዶ ሕክምናውን ባደረግሁበት ዓመት እኚሁ አባል በእጃቸው ሰፍተውታል። ስለዚህ ከጉዳዩ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት ስላላቸው ሊዳኙ አይገባም።»

ቃል በቃል ጻፈችው። አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልጨመረችም። ቀና ስትል የሰብሳቢው ብዕር አየር ላይ ቆሟል። ሕግ የተማሩ ሰው ናቸውና ፕሮፌሰሩ በገዛ አፋቸው ያመኑትን ደርሰውበታል። ፕሮፌሰሩን አዩ፣ ጸሐፊዋን አዩ፣ ጣራው ላይ ያለውን ማራገቢያ ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። ምን እንደሚሉ ጸሐፊዋ በዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር።

«በመርህ ደረጃ» አሉ በመጨረሻ፣ «ተቃውሞው ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት አለው።»

እትዬ ሳሙና ከወንበራቸው ተነሱ። ካፖርቱን አንስተው ለባለቤቱ አቀበሉ። ጉባኤው በአባላት አለመሟላት መዝገቡን መዝጋቱ ተነገረ። ወርቅ እጅ የቆዳ ሐኪሙን ጨበጡ፣ ሰብሳቢውን ጨበጡ፣ ልብሳቸውን ደረቡ። የቀረው ማንበብና መፈረም ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ከመፈረሙ በፊት ይነበባል።

ጸሐፊዋ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበበች። ምንም አልዘለለችም። የተቃውሞውን ምክንያት እንዲያውም ቀስ ብላ ነው ያነበበችው። ድምፅዋ ግን የዘወትር ድምፅዋ ነው፤ ጠረጴዛውን ሳይሻገር ቀረ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰብሳቢው «ድምፅሽን!» ይሏት ነበር። ዛሬ ዝም አሉ። ፕሮፌሰሩ ስልካቸውን በትከሻቸው ይዘው ለአንድ ሰው መልካም ዜና እያበሠሩ ነበር። ወረቀቱ ሲቀርብላቸው የተናገሩትን ያውቁታልና አላዩትም። ትልቅ ፊርማ አላቸው፤ ሦስት መስመር ይሸፍናል። ጸሐፊዋ ከጽሑፉ ላይ እንዳያርፍ ቦታውን በጣቷ አሳየቻቸው።

ደንቡ በሁለተኛው ሳምንት ተሻሻለ። ሦስተኛው አባል ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው፣ «ከማናቸውም የሕክምና አልባሳት ጋር የቀድሞ ትውውቅ የሌለው» መሆን አለበት ይላል አዲሱ አንቀጽ። የተየበችው እሷው ናት። ስለ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ የሚያወራውን አንቀጽ አሥርን ግን ለማሻሻል ያሰበ አልነበረም፤ ተነቦ አያውቅማ።

ያን ቀን ግን፣ ማኅተሙን አሳርፋ ወደ መተላለፊያው ስትወጣ፣ ሁለቱ ሴቶች አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጸሐፊዋ መጀመሪያ መዝገቡ መዘጋቱን ነገረቻት። የልብስ ሰፊዋ እጅ ስፌቱ ላይ ቆመ። ከዚያ ሁለተኛውን ወረቀት ሰጠቻትና መስመሩን በጣቷ አመለከተቻት። ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። መልሳ አነበበች። ፊርማው የማን እንደሆነ ጠየቀች፤ የማን እንደሆነ ተነገራት። ገጾቹን ቆጠረች፤ ሦስት ናቸው። እንደገና ቆጠረች። ሦስት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን አላለቀሰችም። ወረቀቱን ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ አጠፈችና ከስፒሏ ቆርቆሮ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ እትዬ ሳሙና ዞረች።

«አረንጓዴውን የሰፋሽው አንቺ ነሽ አሉ፣ እትዬ።»

እትዬ ሳሙና አንገታቸውን ደፉ። ይቅርታ መጠየቅ ይገባኝ ይሆን እንዴ ብለው እንደሚያስቡ ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ማዕዘኑን ሦስት ጊዜ መልሰሽ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ጠርሙሱን ሲሰጡኝ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነበር። አሥራ አንድ ወር ሆዴ ውስጥ ሲኖር አንዲት ክር አልተተረተረችም።»

«ክሩ ጥሩ ክር ነበር» አሉ እትዬ ሳሙና፣ ቀስ ብለው።

«እጁም ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ስፒሎቿን ወደ ቆርቆሮው እየመለሰች፤ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ።